ሰኞ እግር፣ ሐሙስ ትከሻ

ወረቀቱ ያምር ነበር። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ የሚያሳፍር ነውና። ከሒሳብ ደብተሬ መሃል ሁለቱን ገጽ ሳይቀደድ አወጣሁ፣ በማስመሪያ ሰባት ዓምድ አሰመርኩ፣ የቀኖቹን ስም በቀይ፣ የሰውነት ክፍሎቹን በሰማያዊ ጻፍኩ። ሰኞ እግር። ማክሰኞ ደረት። ረቡዕ ጀርባ። ሐሙስ ትከሻና እንደገና እግር። አርብ ክንድ። ቅዳሜ ሆድ። እሁድ ብቻ እረፍት። ከላይ «ጠንካራ ሴት ጠንካራ ቤት ትሠራለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ከራሴ አፍልቄ አሰፈርኩ። ከታች ደግሞ በትልልቁ «ሰበብ የለም» አልኩ። ያቺ የመጨረሻዋ ትዝ ስትለኝ እስከ ዛሬ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

ያኔ አስራ አንደኛ ክፍልን ጨርሼ ክረምት ገብቶ ነበር። የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ክፍል ፊት ካነበበችልኝ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሎኛል። ለእናቴ የአስቤዛ ዝርዝር ስጽፍ እንኳ መግቢያና መደምደሚያ አደርግለት ነበር። እናቴ «ልጄ፣ ሽንኩርቱ ስንት ኪሎ እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ» ትላለች።

ጂሙ እዚሁ ደሴ ነው፤ ከፒያሳ ሽቅብ ሲኬድ፣ ከልብስ ሰፊዎቹ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አስር የሴቶች ነው። በዚያ ሰዓት ወንድ አይደርስበትም። መጋረጃው ይወርዳል፣ ሻርፑ ይወልቃል፣ የስፌት መኪናው ከሥር ይንጫጫል፣ እኛ ደግሞ ከላይ። ታሠለጥነን የነበረችው ልጅ ወልዳ ስትቀር ግን አስራ ሁለት ሴቶች ከአንድ መስታወትና ከአንድ ክምር ብረት ጋር ቀረን። አንዷ ወገቧን ልታቀጥን፣ አንዷ ሐኪም ስኳርሽን ቀንሺ ብሏት፣ አንዷ ከአማቷ ለሁለት ሰዓት ለመገላገል የመጣች ናት። ማን ምን መቼ እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። ሁሉም ያገኘችውን ታነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ከዚያ ወሬ።

እኔ ከሁሉ ታናሽ ብሆንም የብረት አያያዝ አውቅ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ ከፈተና በኋላ ሁለት ሳምንት እሱ ዘንድ ከርሜያለሁ። በተከራየው ግቢ ጥግ ላይ በበያጅ ያሠራው የቧንቧ ብረት አለው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ የቀለም ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ሲሚንቶ። ክብደት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ እንዴት እንደሚባል፣ ብረት ከመሬት ሲነሳ ጀርባ እንዴት ቀጥ እንደሚል ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚሠራው። ሦስት ቀኗ ስንፍና መሰለችኝ። ስልኬ ላይ በቪዲዮ የሚያሠለጥን፣ ክንዱ የእኔን ወገብ የሚያክል ሰውዬ ነበር። ሰውነት ለስድስት ቀን ተከፋፍሎ ነው የሚሠራ፣ ሌላው ጨዋታ ነው ይላል። ክንዱን አይቼ ቃሉን አመንኩ። የወንድሜንም ክንድ አይቼ የወንድሜን ቃል ተውኩ።

ወረቀቱን መስታወቱ አጠገብ ስለጥፈው ሴቶቹ ከበው አነበቡት።

«አጀብ ነው፤ ይቺ ልጅ ዶክተር ናት» አለች ከአማቷ የምትሸሸው።

«ዶክተር መች እንዲህ የሚነበብ ይጽፋል?» አለች ሌላዋ።

ወላሂ፣ ከዚያ ወዲያ የጣፈጠኝ ምግብ የለም። አስራ አንድ ሴት፣ ገሚሶቹ እናቴን የሚያክሉ፣ እኔ የጻፍኩትን እያነበቡ ሲታዘዙ።

እኔ ራሴ ግን የሠራሁት የመጀመሪያው ሳምንት እስከ ረቡዕ ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአልጋ የወረድኩት ግድግዳ ይዤ ነበር። ከዚያ በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ያዝኩና መሃል ቆሜ እቆጥርላቸው ጀመር። «አሠልጣኝ ከሠለጠነ ማን ይቆጥራል?» እል ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ከመካከላቸው አንድ ሴት ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል። እትዬ ነበር የምላቸው፣ እዚህም እትዬ ይሁኑ። «ሰኞ ገበያ» በሚባለው ቦታ ሱቅ ይዘው ጥራጥሬ ይሸጣሉ። ወገባቸውን ታመው ከተነሱ ወዲህ ሃያ አምስት ኪሎ ጆንያ ከመሬት አንስተው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ አቃታቸው። ለእያንዳንዷ ጆንያ ተሸካሚ ይጣራሉ፤ ተሸካሚው እስኪመጣ ገዢው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። የመጡ ዕለት ለምን እንደመጡ ስጠይቃቸው «መክሳትም አልፈልግ፣ መወፈርም አልፈልግ» አሉኝ። «ያቺን ጆንያ ሰው ሳልለምን ላንሳት። ሌላ ነገር የለኝም።»

ከሁሉም የወደድኳቸው ለዚህ ነው። ሌሎቹ በመስታወት ይለኩ ነበር፣ እሳቸው በኪሎ። ማክሰኞና ረቡዕ ሲሆን እንደ ጎረምሳ ይጎትታሉ፣ ይገፋሉ። ሰኞና ሐሙስ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አንድ ዙር ሠርተው ይቀመጣሉ፣ ከንፈራቸው ይደርቃል፣ ወሬም ያጥራቸዋል። እኔም ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ያዝኩት። ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ሰኞና ሐሙስ ሲሆን ምን ያገኝዎታል? ማክሰኞ አንበሳ ነዎት፤ ሐሙስ የተጨመቀ ሻርፕ ይመስላሉ።»

እሳቸው ሳቁ። ሌላ ማንም አልሳቀም። ከሱቃቸው በአንድ ግድግዳ የምትዋሰን፣ ሽቶና ሻርፕ የምትሸጥ ጎረቤታቸው አብራን ትሠራ ነበር። «ተያቸው እንጂ አንቺ ልጅ» አለችኝ። «ሰው እንደ ቀኑ ነው።»

እኔ በእስክሪብቶዬ ወደ ወረቀቱ ታች ጠቆምኩ። ሰበብ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ እንዲያውም ይታገሏት ብዬ፣ በእትዬ ብረት ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። የገበያ ቀን ነው፤ ከማለዳ ጀምረው በእግራቸው ቆመው ውለዋል። ብረቱን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሁለት ጊዜ ወርደው ተነሱ። በሦስተኛው ወርደው ሳይነሱ ቀሩ። ከአማቷ የምትሸሸዋና ጎረቤታቸው ሮጠው ብረቱን ከላያቸው ያዙ። እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

እኔ የራሴን የውሃ ኮዳ ይዤ በረርኩ። አፋቸው ላይ ሳደርገው ፊታቸውን አዞሩ። ወደዞሩበት ተከተልኳቸው። ወደዚያ አዞሩ። ለሕፃን መድኃኒት እንደምትግት እናት በዚያም በዚህም ተከተልኳቸው። «ይጠጡ እንጂ፣ ምን ሆነው ነው የማይጠጡት?» እላለሁ። ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። ሰው የሚበራለት ነገር ሁሉ ከአፉ መውጣት ያለበት ይመስል ጮክ ብዬ አልኩት።

«ጾመኛ ነዎት እንዴ?»

 ከሥር የስፌት መኪናው ብቻ ይሰማል። እትዬ አዩኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ኮዳውን ከእጄ ተቀበሉና ሁለት ጉንጭ ጠጡ። ጉሮሯቸው ሲወርድና ሲወጣ አየሁት።

«ደክሞኝ ነው» አሉ። «ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ።»

እኔ ደግሞ ቅልል አለኝ። ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል፤ ቅልል አለኝ። «ይኸው እንግዲህ፣ ቁርስ ሳይበላ እግር አይሠራም» ብዬ ስለ ቁርስ አንድ ሙሉ ንግግር አደረግኩ። እንቁላል አልኩ፣ አጃ አልኩ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን መልበስ ጀመሩ።

ስንወጣ ጎረቤታቸው ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«እናትሽ በሕይወት አለች?»

«አለች፤ ምነው?»

«ያሳደገሽ ሰው መኖሩን ላረጋግጥ ብዬ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከእሳቸው ጋር በአንድ ግድግዳ ስንት ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን ጾመኛ ነኝ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ሰኞና ሐሙስ ሲሆን የሚቀመስ ነገር ስሰጣቸው ‹ትንሽ ቆይቼ› ይላሉ። ገባኝ፤ ዝም አልኩ። እዚህ ያለነው ሁላችንም ገብቶን ዝም ብለናል። አንቺ ግን አዋጅ ነገርሽባቸው። አዎ ቢሉሽ ጾማቸውን መንዛት ሆነ። አይ ቢሉሽ ውሸት። ምን ያድርጉ? ጠጡልሽ።»

ቤት እስክደርስ እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም። ሳላውቅ ነው ብል ደግሞ ውሸቴን ነው። አባቴም ሰኞና ሐሙስ ይጾማል፤ ግዴታ አይደለም፣ በውዴታው ነው። የማውቀው ለምሳ ከሱቅ ሳይመጣ ሲቀር ብቻ ነው። እሱ አይናገርም፣ እኛም አንጠይቅም፤ እናቴ ሳህኑን ዝም ብላ ትከድንና ለመግሪብ ማፍጠሪያ ታቆየዋለች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማየውን ነገር ነው ስድስት ቀን በማስመሪያ ሳሰምር የረሳሁት። ሰኞና ሐሙስ ብዬ ራሴ ጽፌ፣ ሰኞና ሐሙስ ምን ያገኝዎታል ብዬ ራሴ ጠየቅኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምናልባት ይሽር ነበር። ግን ጸሐፊ ነኛ። ማክሰኞ ቀድሜ ሄድኩና ወረቀቱ ላይ በአረንጓዴ፣ ዙሪያውን አበባ ስዬለት፣ አንድ መስመር ጨመርኩ። «ሰኞና ሐሙስ ለሚጾሙ እህቶቻችን እረፍት ነው። አላህ ይቀበላቸው።»

እትዬ መጡ። ምንም እንዳልተፈጠረ መጡ፤ «ሸጋ ዋልሽ?» ብለው እንኳ ሰላም አሉኝ። ከዚያ ሰኞ ያልነበሩ ሁለት ሴቶች አረንጓዴውን አንብበው «ማን ነው የሚጾመው?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የለም። ግን የሰው ዓይን ሳይፈልግ ይዞራል። ሁሉም ዓይን ወደ አንድ ቦታ ዞረ። እትዬ መስመሯን በጣታቸው እየተከተሉ ቀስ ብለው አነበቧት። ያወለቁትን ሻርፕ መልሰው ለበሱት።

«ሱቅ የረሳሁት ነገር አለ» ብለው ወጡ።

ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስ አልመጡም። አርብም ሰዓቱ ሳይደርስ እኔው ሸሸሁ፤ ሚኒባስ ተሳፈርኩና የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ።

ወንድሜ የሌሊት ፈረቃ ላይ ስለነበር የመጣሁበትን የነገርኩት ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ነው። የወረቀቱን ፎቶ ከስልኬ አሳየሁት። መጀመሪያ የሳቀው በርእሱ ነው።

«ጠንካራ ቤት ትሠራለች? ግንበኛ ነሽ እንዴ?» ከዚያ ወደ ታች ወረደ፤ ሳቁም ወረደ። «ስድስት ቀን። ይህን ከማን ወሰድሽው?»

ሰውዬውን አሳየሁት።

«ይኸ እኮ በመርፌ ያበጠ ነው። ውሎው ይኸው ነው፤ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይወጋል፣ ያነሳል። እኛ ናቹራል ነን፣ መርፌ አንነካም። እኛ ያለን ምስር ወጥና እንቅልፍ ነው፤ እሱም ጎደሎ ነው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ጡንቻን ታደክሚዋለሽ፣ ከዚያ ትተይዋለሽ። የሚያድገው ስትተይው ነው። እያንዳንዱን ክፍል በሳምንት አንድ ቀን እስኪሞት ከምትደበድቢው፣ ሁሉንም በየመጠኑ ሁለት ሦስቴ ብትነኪው ይበልጣል። ቁጭ ብድግ፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ከመሬት ማንሳት። አለቀ።»

«የትኞቹን ቀኖች?»

«እኔ ምኑን አውቄ? የእኔ በፈረቃዬ ነው የሚሄድ፤ ሌሊት በሠራሁበት ሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። ሴቶቹን የሚደክማችሁ መቼ ነው ብለሽ ጠይቀሻቸዋል?»

አልጠየቅኩም። ሰባቱን ዓምድ ሳሰምር ሳምንቱ የእኔ መስሎኝ ነበር። እኔ ሱቅ የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ አማት የለኝ። የእኔን ሳምንት ወስጄ ነው አስራ አንድ ሴት ላይ የጫንኩት።

የውሃውን ነገር ስነግረው ግን አልሳቀም። የሻይ ብርጭቆውን መሬት አስቀመጠ።

«ሂጂና አፉ በሉኝ በያቸው» አለኝ። «ለእኔ ምን ይነገራል?»

በማግሥቱ ቅዳሜ ተመልሼ «ሰኞ ገበያ» ገባሁ። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ሁለት ገጽ። ምላሴን ከምላጭ ጋር ያመሳሰልኩበት ቦታ ነበረ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳነበው ራሴን አስለቅሶኛል። እትዬ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ እትዬ።»

«ወዐለይኩም ሰላም። ግቢ፤ ምስሩን እንዳትረግጪብኝ።»

ደብዳቤውን ዘረጋሁላቸው።

«ምንድን ነው?»

«ደብዳቤ ነው። የይቅርታ።»

እንደሞተ አይጥ አዩት። «ደግሞ ሌላ ወረቀት? እስከ አሁን የጻፍሽው አይበቃም የኔ ልጅ? አፍ አለሽ አይደል?»

ያ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ጥሎኝ ጠፋ። «አፉ በሉኝ» ብቻ ወጣኝ። «ውሃውን እኔ ነኝ ያጠጣሁዎት።»

መልቀማቸውን አልተዉም። «አፉ ብያለሁ። የዚያኑ ዕለት ነው ያልኩሽ፤ ልጅ ነሽ። ጾሙም ይካሳል፤ ሌላ ቀን እጾመዋለሁ። የማይካሰው ሌላ ነው።» አንዲት ጠጠር አንስተው ወደ ውጭ ወረወሩ። «ያቺ ነገር የእኔና የጌታዬ ነበረች። ልጆቼ እንኳ የነቁብኝ በስንት ጊዜው ነው። አሁን ያ ቤት ስገባ አስር ሴት አፌን ያየኛል። ብጾም ለእነሱ የጾምኩ ይመስለኛል። ባልጾም ተወችው እባላለሁ። በየት በኩል ልለፍ?»

«ወረቀቱን እቀደዋለሁ።»

«እሺ፣ ወረቀቱን ቀደድሽው። የተነበበውንስ?»

 ደብዳቤዬን አጥፌ ስይዝ አንድ ገዢ መጣና አንድ ሙሉ ጆንያ ባቄላ ጠየቀ። እትዬ ተነሱ፣ ጆንያዋን አዩዋት፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «አስራ ስምንት ኪሎ ደርሼ ነበርኮ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ተሸካሚ ሊጣሩ ወደ በሩ ወጡ።

ልሞት ነበር። «እኔ አነሳዋለሁ» ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ጎንበስ ብዬ አቅፌ ሳብ አደረግኳት፤ ጆንያዋ ንቅንቅ አላለችም። ደገምኩ። ተነስታ ጉልበቴ ላይ ስትደርስ አመለጠችኝና ገዢው እግሩን ሰበሰበ።

«ጀርባሽን አቅኚ» አሉኝ እትዬ ከበሩ ላይ። «ቂጥሽን አውርጂ፣ አንገትሽን ቀና። ምነው፣ አንቺው አይደለሽም የምትይን?»

ተሸካሚው መጥቶ በአንድ እጁ አነሳት። ገዢው ሲሄድ እትዬ ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ስድስቱን ቀን አንቺ ትሠሪዋለሽ?»

የማየው ቦታ አጣሁ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ረቡዕ ወዲህ አልሠራሁም።»

«ከረቡዕ ወዲህ።»

«አዎ። እቆጥር ነበር ብቻ።»

እትዬ ሳቁ። ሳቃቸው ሲበረታ አንዲት ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ያ ረቢ። እኛ ደግሞ ጉልበታችን እስኪላቀቅ ይቺን አምነን።» ከዚያ ሳቁን ተዉት። «ይኸውልሽ፣ የእኔን ነገር አታንሺ፣ አታስተባብዪ፣ ዝም በይ። የራስሽን ንገሪያቸው፤ ይኸን አሁን የነገርሽኝን። ሰዉ የአንቺን ሲያወራ የእኔን ይረሳል። የሴት ወሬ አዲስ ካገኘ አሮጌ አይፈልግም።»

እስከ ሰኞ ያለው ጊዜ ፈተና ከምጠብቅበት ጊዜ ይረዝም ነበር። ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ከእትዬ በቀር ሁሉም ከገቡ በኋላ ወረቀቱን ከነአበባው ቀደድኩትና መሃል ቆሜ ነገርኳቸው። ፕሮግራሙን ከስልክ እንደገለበጥኩት፣ ሰውዬው መርፌ ይወጋል እንደሚባል፣ እኔ ከሦስት ቀን በላይ ሳልሠራ እንዳቆምኩ። አጭር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም።

«እና ‹አሠልጣኝ ከሠለጠነ ማን ይቆጥራል› ስትይን የነበረውስ?» አለች ከአማቷ የምትሸሸው።

«ውሸቴን ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። እኔም ረቡዕን አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። እየፈራሁሽ ነበር የምደበቅ።»

ሳቅ ሆነ። አንዷ ቅዳሜን፣ አንዷ አርብን አልነካሁም አለች። እኔም በሳቁ ውስጥ ላመልጥ ስል ስኳር ያለባት ሴትዮ ሱሪዋን ወደ ላይ ሰበሰበችና ጉልበቷን አሳየችኝ። አብጧል።

«እኔ ግን ሁሉንም ሠርቻለሁ» አለችኝ። «አንድም ቀን ሳልቀር። ሲያመኝ ‹ሰበብ የለም› የሚለውን እያየሁ።»

ሳቁ ቆመ። እሷ አልጮኸችም፤ ሱሪዋን መለሰችና ተቀመጠች። ያን ጉልበት ስንት ጊዜ በሕልሜ እንዳየሁት አልነግራችሁም።

ከዚያ ወንድሜ እንዳለኝ አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ መቼ ነው የሚደክማችሁ፣ መቼ ነው እግራችሁ የሚያርፈው። ደብተር አልያዝኩም። ሲያልቅ ሦስት ቀን ወጣ፦ ማክሰኞ፣ አርብ፣ እሁድ። በየቀኑ ሙሉ ሰውነት፣ ያውም ትንሽ ትንሽ፤ ጉልበቷ ያበጠው ሐኪሟን እስክታማክር ከወገብ በላይ ብቻ።

«ለምን ሰኞ፣ ረቡዕ፣ አርብ አይሆንም? ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚሠራ?» አለች አንዷ።

«ሰኞ ገበያ ነው። ግማሾቻችሁ ቆማችሁ ነው የምትውሉት።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ከሠራን አርብ በምን አቅም እንሠራለን?»

ሁለቱም እውነት ነው። ባለሻርፗ ጎረቤት ቀና ብላ አየችኝና ፀጉሯን ማሰር ጀመረች። ግድግዳው ላይ ምንም አልተለጠፈም።

እትዬ እንዳሉት ሆነ። ወሬው እኔ ሆንኩ። እስከ ዛሬ «ቆጣሪዋ» ነው የምባለው። ፒያሳ ላይ የማላውቃት ሴት «ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ?» ብላኝ ታውቃለች፤ ሻርፔን ዓይኔ ድረስ ስቤ አልፌያታለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አርብ ላይ እትዬ መጡ። ሻርፓቸውን ሰቀሉ፣ አጠገቤ ቆሙ።

«ስንት ዙር ነው?»

«ሦስት።»

«አንቺስ?»

«እኔም ሦስት።»

«እንግዲያው ዛሬ እኔ ልቁጠር» አሉና ቆጠሩልኝ፤ ስምንት ላይ ላቆም ስል ሰባት ነው አሉኝ። አሁን እሳቸው ሃያ ኪሎ ላይ ናቸው፣ እኔ አስራ አምስት ላይ። ሃያ ከባድ መሆኑን የማውቀው አሁን ነው።

ይህን ልጻፍ ወይ ብዬ ሳልጠይቃቸው አልጻፍኩም። ብዙ አሰቡና «ጥራጥሬ የሚሸጥ ስንት ሰው አለ፤ ጻፊው» አሉኝ። ጥራጥሬ ይሸጣሉ ያልኳችሁንም አትመኑኝ።

ባለፈው ሰኞ እናቴ ለምስር ገበያ ልካኝ ሱቃቸው በር ላይ ደረስኩ። ከደጋን ከተማ የመጣ ደንበኛቸው ቆሎ ይዞ ለሰዉ ሁሉ በእፍኝ ያድላል፤ ለእኔም ሰጠኝ። እጁን ወደ እትዬ ሲዘረጋ፣ ይቀበሉ አይቀበሉ እንዳላይ፣ እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። የሚኒባስ ረዳት «ኩታበር፣ ኩታበር» እያለ ይጠራል። ሰው ሲገባ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አሮጊቷን ጨምሮ አራት። መኪናው እስኪሞላ አየሁት። ስዞር የደንበኛው እጅ ባዶ ነበር፣ የእትዬም እጅ ሚዛኑ ላይ ነበር።

«ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አሉኝ።

«ሁለት» አልኩ።